ዱኮቹ አለቁ፣ የድሆቹ ቤት ግን አለ፦ ስለ ዩኤልም መንደር ለተጻፈው ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በቴሌግራም ሲዘዋወር ከረመ። ለእኔ ብቻ ከአራት ሰው ደርሶኛል። አራተኛዋ አክስቴ ናት። «አንተ እዚያው አገር አይደለህ እንዴ? እውነት ነው?» የሚል ድምፅ አያይዛ ነው የላከችልኝ። በድምፅ ልመልስላት ጀምሬ ነበር። ነገሩ ሲረዝምብኝ ጊዜ መጻፍ ይሻላል አልኩ።

ጽሑፉ ስለ ዩኤልም ነው። ዩኤልም በእንግሊዝ አገር፣ በኦክስፎርድሸር፣ ከዋሊንግፎርድ ከተማ አጠገብ ያለች ትንሽ መንደር ናት። ነዋሪዋ ሺህ ገደማ ቢሆን ነው። ስሟ በጥንቱ እንግሊዝኛ «የምንጭ ራስ» እንደማለት ነው። እውነትም ከመንደሯ ምንጭ ይፈልቃል፤ ጅረቱም በመንገዱ ዳር ዳር ይወርዳል።

ጸሐፊው የሚሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። ዩኤልምን ለስድስት መቶ ዓመት የያዛት አንድ የመኳንንት ቤተሰብ ነው ይላሉ፤ የሰፎክ ዱኮች፣ ከአባት ወደ ልጅ፣ ሳይቋረጥ። እነዚህ ሰዎች ከጥንት የጨዋ ዘር ናቸው፣ ደማቸው ነው ለመልካም ሥራ ያነሣሣቸው ይላሉ። ከኪሳቸው አውጥተው ለድሃው መጦሪያ፣ ለልጁ ትምህርት ቤት ሠሩ ይላሉ። ጌታና ጭሰኛ ተፋቅረው ኖሩ፣ እንደ ሌላው አገር ደም አልፈሰሰም ይላሉ። መጨረሻ ላይ ወደ እኛ ይመጣሉ። መንደሯ እንዲህ አምራ የቆየችው መኳንንቷ ስለቆዩ ነው፤ እኛ ግን በ1967 ዓ.ም. ባላባቱን ስናጠፋ መንደሮቻችንንም አብረን አጠፋን ይላሉ።

ጽሑፉ ጥሩ ተደርጎ ተጽፏል። ጸሐፊው ያልዋሹበት ነገርም ብዙ ነው። ትምህርት ቤቱ አለ፤ መጦሪያው አለ፤ ሁለቱም የተመሠረቱት እሳቸው ባሉት ዘመን ነው። መንደሯም ፎቶው ላይ እንዳያችኋት ቆንጆ ናት። ሄጄ አይቻታለሁ። ጠቤ ከቁንጅናዋ ጋር ሳይሆን ከታሪኩ ጋር ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች፣ ከ1967 በቀር፣ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ከስድስት መቶው ዓመት ልነሣ። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ለድሆቹ ቤት መመሥረቻ የሚሆነው የንጉሥ ፈቃድ የወጣው በ1437 ነው። ከዚያ እስከ ዛሬ ብትቆጥሩ ስድስት መቶ ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። ግን ይህ የቤቱ ዕድሜ ነው። የቤተሰቡ ዕድሜ ሌላ ነው።

«ከአባት ወደ ልጅ» የሚለው ገና ከመነሻው አይሠራም። ዩኤልም የበርገርሽ ቤተሰብ ርስት ነበረች። ወንድ ወራሽ ስላልነበረ ለሴት ልጅ ለማቲልዳ ደረሰች። ማቲልዳን ቶማስ ቻውሰር የሚባል ሰው አገባና መንደሯ በሚስቱ በኩል እጁ ገባች። እነሱም አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ነበረቻቸው፣ አሊስ። አሊስ ሦስት ጊዜ አገባች። የመጀመሪያው ባሏ በ1415 በፈረንሳይ ዘመቻ ሞተ። ሁለተኛው የሶልስበሪው ኧርል ነበር (ኧርል ከዱክ ዝቅ ያለ የመኳንንት ማዕረግ ነው)፤ እሱን በ1428 ኦርሌያን ከተማን ከቦ ሳለ መድፍ ገደለው። ሦስተኛው ዊልያም ደ ላ ፖል ነው። በ1430 ተጋቡ። ዊልያም በ1448 የሰፎክ ዱክ ተባለ። እንግዲህ ዱኩ ወደ ዩኤልም የመጣው እንደ አማች ነው። ባለርስቷ እሷ ነበረች።

ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት ቆዩ? ሰባ ዓመት ገደማ።

ዊልያም ራሱ ዱክነቱን ሁለት ዓመት አልጠገበውም። እንግሊዝ በፈረንሳይ የያዘችውን ኖርማንዲን ስታጣ ሕዝቡም ፓርላማውም ጥፋቱን በእሱ ላይ አላከኩ። በ1450 ተከሰሰ። ንጉሡ ከሞት ሊያተርፈው አምስት ዓመት በስደት እንዲቀጣ ፈረደለት። መርከቡ ገና ባሕሩን ሳታቋርጥ ሌላ መርከብ ያዛት። ወደ ትንሽ ጀልባ አወረዱት። በዛገ ሰይፍ፣ በአንድ ምት ሳይሆን በግማሽ ደርዘን ምት፣ አንገቱን ቆረጡት። ሬሳው ዶቨር አሸዋ ላይ ተጥሎ ተገኘ።

ልጁ ጆን ሁለተኛው ዱክ ሆነ። የንጉሥ ኤድዋርድ አራተኛን እህት አገባ። በቤተሰቡ በሰላም የሞተ ዱክ ቢኖር እሱ ነው። ግን የንጉሥ እህት ማግባት ለልጆቹ መዘዝ ሆነባቸው፤ የዘውድ ተስፋ በደማቸው ገባ። የመጀመሪያው ልጅ፣ የሊንከን ኧርል፣ በ1487 በስቶክ ጦር ሜዳ ንጉሥ ሄንሪ ሰባተኛን ሲወጋ ወደቀ። ኤድመንድ ወደ ውጭ ሸሸ፣ ተላልፎ ተሰጠ፣ በ1513 በሄንሪ ስምንተኛ ትእዛዝ አንገቱ ተቀላ። ሪቻርድ ስደት ላይ እንዳለ በ1525 ፓቪያ ላይ ለፈረንሳይ ንጉሥ ሲዋጋ ሞተ። ዊልያም የሚባለው ወንድማቸው ለንደን ግንብ ውስጥ ታስሮ 37 ዓመት ኖሮ እዚያው አለቀ። ርስቱ በመንግሥት ተወርሷል። ሳይቋረጥ የተባለው ይህ ነው።

እዚህ ላይ ጸሐፊውን ያሳሳታቸው ነገር ምን እንደሆነ መገመት አይከብድም። «የሰፎክ ዱክ» የሚለው ስም ከዚያ በኋላም ይመጣል። በ1514 ሄንሪ ስምንተኛ ለጓደኛው ለቻርልስ ብራንደን ሰጠው። በ1551 ደግሞ ለሄንሪ ግሬይ ተሰጠ፤ እሱም በ1554 አንገቱን ተቆረጠ። ሦስቱ ቤተሰቦች የተለያዩ ናቸው። ዱክ ማዕረግ ነው። ደጃዝማች የተባለውን ሁሉ የአንድ አባት ልጅ አድርጎ የሚቆጥር የውጭ ሰው ቢገጥማችሁ ምን ትሉታላችሁ? እንደዚያ ነው የሆነው።

ስለ ዩኤልም ስም አንድ ነገር ልጨምር፤ ጽሑፉ ስላልነካት። በ1721 ቶማስ ፓርከር የሚባል ሰው የማክልስፊልድ ኧርል ሲደረግ አብሮ የተሰጠው ማዕረግ «ቫይካውንት ፓርከር ዘዩኤልም» የሚል ነበር። ሰውየው የአንድ ጠበቃ ልጅ ነው፤ የአገሪቱ ከፍተኛው ዳኛ እስከመሆን ደርሷል። በአራት ዓመት ውስጥ በሙስና ተከስሶ 30,000 ፓውንድ ተቀጣ፤ እስኪከፍልም ታሰረ። የመንደሯን ስም የተሸከሙ መኳንንት ሁሉ ለመንደሯ ክብር ነበሩ ለማለት ትንሽ ያስቸግራል።

ወደ ደሙ እንለፍ። «ዘር ከልጓም ይስባል» ብለው ጸሐፊው በተረት ጀምረዋል። ተረቱ ደስ ይላል። እስቲ ዘሩን እንቁጠረው።

የአሊስ አያት ገጣሚው ጄፍሪ ቻውሰር ነው። የጄፍሪ አባት ለንደን ውስጥ ወይን ጠጅ የሚነግድ ሰው ነበር። ልጁ ቶማስ በትጋቱም በዘመዶቹም ከፍ አለ፤ የፓርላማው አፈ ጉባኤ አምስት ጊዜ ሆኗል። ሌላው ሹመቱ የንጉሡ የወይን ጠጅ ኃላፊነት ነው፤ በእኛ አፍ የጠጅ ቤት አዛዥ በሉት። ቅድመ አያት ጠጅ ነጋዴ፣ አባት ጠጅ አዛዥ። በባልየው በኩል ያለው ደግሞ ሱፍ ነው። የደ ላ ፖል ቤት የተነሣው ከሐል ወደብ ነጋዴዎች ነው። ሽማግሌው ዊልያም ደ ላ ፖል ሱፍ እየነገደ ለንጉሥ ኤድዋርድ ሦስተኛ ብር ያበድር ነበር። ልጁ ማይክል በ1385 ኧርል ሆነ፤ በዓመቱ ፓርላማ ከሰሰው፤ ሸሽቶ ፓሪስ ሞተ።

ነጋዴ መሆን ነውር ነው እያልኩ አይደለም። እንዲያውም በእኔ ቤት ትልቅ ሙገሳ ነው። ግን «ከጥንት የጨዋ ዘር» የሚባለው ሁለት ትውልድ ብትቧጭሩት ከሥሩ የሱፍ ጆንያና የወይን በርሜል ይወጣል።

ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ የቶማስና የማቲልዳ መቃብር አለ። ከላዩ የነሐስ ምስል ተለብጦበታል፤ ጎንና ጎኑን የዘር ዓርማ ያለባቸው ትናንሽ ጋሻዎች ዞረውታል። ወደ ሃያ የሚጠጉትን ቆጥሬ ተውኩት። የሚገርመው ቶማስ የራሱ አድርጎ የያዘው ዓርማ የእናቱን ወገን፣ የሮየት ቤተሰብን፣ ሦስቱን መንኮራኩሮች መሆኑ ነው። አባቱ ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ሰው ነው። በዚያን ጊዜ ግን የሚጠቅመው የእናት ወገን ነበር፤ የእናቱ እህት የንጉሥ ልጅ ያገባች ናት። ዘር የሚቆጠረው እንደዚህ ነው፤ ከሚጠቅመው በኩል። ይህን አገራችን ላይም የምናውቀው ይመስለኛል።

ሦስተኛው ነጥብ ላይ ልቆይ። «ከኪሳቸው» የሚለው ላይ።

መጀመሪያ ቦታውን ላሳያችሁ። መንደሯ ቁልቁለት ላይ ናት። ከላይ ቤተ ክርስቲያኑ አለ። በምዕራብ በኩል ካለው በር ወጥታችሁ ደረጃውን ስትወርዱ ቀጥታ ድሆቹ ቤት ትገባላችሁ፤ አራት ማዕዘን ግቢ፣ ዙሪያውን በጡብና በእንጨት የተሠሩ ትናንሽ ቤቶች። ከእሱ ዝቅ ብሎ ትምህርት ቤቱ አለ። ሦስቱ አንድ ላይ ነው የታሰቡት። በደንቡ መሠረት በግቢው 13 ድሆች ይጦሩ ነበር። ሁለት ካህናት ነበሩ፤ አንዱ ድሆቹን ያስተዳድር፣ ሌላው ልጆችን በነፃ ያስተምር ነበር። ስሙም «የእግዚአብሔር ቤት» ነው።

ለምን ሠሩት? እዚህ ላይ ለእኛ አንባቢ ነገሩን ማስረዳት ቀላል ነው። ተዝካር ነው። ድሆቹ በየቀኑ ተሰብስበው ለንጉሡ፣ ለዱኩና ለአሊስ ነፍስ መጸለይ ነበረባቸው፤ የአሊስ አባትና እናት መቃብር ዙሪያ ቆመውም ይደግሙ ነበር። አንድ ጊዜ ተደግሶ የሚያልቅ ተዝካር ሳይሆን በየቀኑ የሚውል፣ ማብቂያ የሌለው ተዝካር። ሰዎቹ ለድሃ አዝነዋል? አዝነው ይሆናል። ግን ውሉ ግልጽ ነው፦ እኛ እንጦራችሁ፣ እናንተ ጸልዩልን።

ነገሩ የገባኝ የአሊስን መቃብር ሳይ ነው። ከነጭ አልባስጥሮስ የተሠራ ትልቅ ነገር ነው። ላይኛው ላይ አሊስ ዘውዷን ደፍታ፣ እጆቿን አጣምራ ተኝታለች። ግራ ክንዷ ላይ የጋርተር ኒሻን፣ የእንግሊዝ ነገሥታት የሚሰጡት ከፍተኛው የክብር ኒሻን፣ ታስሯል። ንግሥት ቪክቶሪያ ሴት ኒሻኑን እንዴት እንደምታስር ለማወቅ ሰው ልካ ይህንን አስይታለች ይባላል። ዝቅ ስትሉ፣ በድንጋይ ጥልፍልፍ መስኮት ውስጥ፣ ሌላ አሊስ አለች። ይቺኛዋ ሬሳ ናት። ከስታ፣ አጥንቷ ወጥቶ፣ አፏን ከፍታ። አስጎብኚው ሽማግሌ «ተኛና ተመልከት» አለኝ። ምን ላድርግ፣ ጃኬቴን አንጥፌ ወለሉ ላይ ተኛሁ። ሬሳዋ ካለችበት በላይ፣ ጣሪያው ላይ፣ ስዕል አለ፤ የብሥራት ስዕል። ቆሞ የሚያልፍ ሰው ጨርሶ አያየውም። የተሳለው ለሬሳዋ ዓይን ነው።

ይህንን ያሠራች ሴት ስለ ነፍሷ የምሯን ትፈራ ነበር። ሃይማኖቷን አልንቅባትም። ግን «ደሟ ለበጎ አድራጎት አነሣሣት» ከሚለው ይልቅ «ሞትን ፈርታ ተዝካሯን አስቀድማ አወጣች» የሚለው ይቀርባል።

አሁን ወደ ኪሱ። ይህ ሁሉ በምን ብር ቆመ? አሊስና ዊልያም ለቤቱ ሦስት ርስት ሰጡ። በእኛ ቋንቋ ጉልት ተከሉለት። አንዱ ማርሽ ጊበን የሚባል፣ በባኪንግሃምሸር፣ ከዩኤልም ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለ መንደር ነው። ሌላው ራምሪጅ፣ በሃምፕሸር። ሦስተኛው ኮኖክ፣ በዊልትሸር። የነዚህ ቦታዎች ገበሬዎች የሚከፍሉት ግብር ለዩኤልም ድሆች እንጀራ፣ ለመምህሩ ደሞዝ፣ ለጣሪያው እድሳት ዋለ። የማርሽ ጊበን ገበሬ ዱኩን አይቶት ላያውቅ ይችላል። ዱኩ ከሞተ በኋላ ግን፣ የዱኩ የልጅ ልጆች ሁሉ ካለቁ በኋላም፣ በየዓመቱ ከፍሏል። ተቋሙ ማርሽ ጊበን ውስጥ ዛሬም መሬትና ቤት አለው። ስድስት መቶ ዓመት ሊሞላው የተቃረበው አስተዋጽኦ ካለ የነሱ ነው። ጽሑፉ ውስጥ ግን ማርሽ ጊበን አንድም ቦታ አልተጠቀሰችም።

ልክ የሆነውን ልክ ነው ልበል። ያንን ገቢ ለአደን ውሻና ለሐር ልብስ ሊያውሉት ይችሉ ነበር፤ ብዙዎቹ እኩዮቻቸው እንደዚያ አድርገዋል። እነ አሊስ ግን መሬቱን ለልጃቸው እንዳይመለስ አድርገው አሰሩት። ደንቡንም በጥንቃቄ ጻፉት። ማን ይገባል፣ ማን ይሾማል፣ ማን ሒሳብ ይይዛል፣ ያጠፋ ምን ይቀጣል፣ ሁሉም ተጽፏል። ለእኔ አሊስን ትልቅ ሴት የሚያደርጋት ይኸው ነው። ቤተሰቧ በሚጠፋበት ጊዜ የሚሠራ ነገር ትታ ሄደች። አስባበት ይሁን ሳታስብበት፣ ያ ደንብ የደ ላ ፖል ልጅ አላስፈለገውም።

ፈተናው ደግሞ ቀላል አልነበረም። የመሥራቾቹ ዘር ጠፋ፤ ቤቱ ቆመ። በ1547 ለሙታን ነፍስ ጸሎት የሚደረግባቸው ተቋማት በሕግ ተዘጉ። ተዝካሩ ራሱ ክልክል ሆነ። ቤቱ የቆመበት ምክንያት ማለት ነው። ድሆች ስለሚጦርና ልጆች ስለሚያስተምር ግን ተረፈ። በ1617 ንጉሥ ጄምስ የቤቱን አስተዳዳሪነት ለኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፕሮፌሰር ሰጠ፤ ወንበሩ ላይ ማንም ይቀመጥ ማን፣ የዩኤልም ድሆች አለቃ እሱ ነው። በዚህ ምክንያት በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በዘመኑ ስመ ጥር የነበረው ሐኪም ዊልያም ኦስለር የዩኤልም ሽማግሌዎች አለቃ ሆነ። ሹመቱን እንደ ቀልድ አላየውም፤ ከቤተሰቡ ጋር እየመጣ እዚያው ግቢ ይሰነብት ነበር። ኦስለር ካናዳ የተወለደ የቄስ ልጅ ነው። ዱክም ኧርልም የለበትም።

ትምህርት ቤቱ ዛሬ የመንደሯ ልጆች በመንግሥት በጀት የሚማሩበት አንደኛ ደረጃ ነው። በመጀመሪያ ሕንጻቸው ውስጥ ሆነው ከሚያስተምሩ የእንግሊዝ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ጥንታዊው ነው ይባላል። የሄድኩበት ቀን የጡቡ ግድግዳ ሥር የልጆች ስኩተር ተደርድሮ ነበር።

ስለ ጌታና ጭሰኛው ፍቅር ብዙ አልልም። ዱኩ በተገደለ በወሩ የኬንት ገበሬና የእጅ ባለሙያ ጃክ ኬድ በሚባል መሪ ተነሣ፤ በሁለት ወሩ ለንደን ገባ። ካነሡት ክስ ዋናው የዱኩና የወዳጆቹ ግፍ ነው። አሊስም በስም ተጠርታ ከንጉሡ አጠገብ ትራቅ ተብላለች። ሁለተኛው ዱክ ደግሞ በ1465 ኖርፎክ ውስጥ ሄልስደን የሚባል ርስት ከፓስተን ቤተሰብ ጋር ሲጣላ ሰዎቹን ሰደደ። ቤቱን አፈረሱ። ቤተ ክርስቲያኑን ዘረፉ፣ መንበሩ ላይ ቆመው። የቤቱን ግድግዳ ሲንዱም የቦታውን ጭሰኞች አስገድደው አብረው አስነዷቸው። ይህን የምናውቀው የፓስተን ሴቶችና ወንዶች የተጻጻፉት ደብዳቤ ስለተረፈ ነው። ጭሰኞቹ ቢጽፉ ምን ይሉ እንደነበር አስቡት።

ጸሐፊው «በዩኤልም ራሷ ግን ሰላም ነበር» ሊሉ ይችላሉ። ሊሆን ይችላል። ዱኩ የሚያድርበት መንደርና ዱኩ ግብር የሚያስለቅምበት መንደር አንድ አይደሉም።

የቀረው የመጨረሻው ነው፤ መኳንንት ስላሉ መንደር ይጠበቃል የሚለው። ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከዩኤልም ወጥታችሁ ወደ ኦክስፎርድ በሚወስደው ዋና መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ስትነዱ ኑነሃም ኮርትኒ የሚባል መንደር ታልፋላችሁ። ግራና ቀኝ አንድ ዓይነት ቤቶች፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ እንደ ወታደር ተሰልፈዋል። ዕድሜ ያለው የእንግሊዝ መንደር እንደዚያ ቀጥ አይልም። ቀጥ ያለበት ምክንያት አለው። የመጀመሪያው ኧርል ሃርኮርት በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከቴምስ ወንዝ በላይ አዲስ ቤት ሠራ። ከመስኮቱ ሲያይ መንደሩ ዕይታውን አበላሸበት። አፈረሰውና ሰዎቹን ወደ መንገዱ ዳር አሰፈራቸው። አንዲት አሮጊት ብቻ ለምና ጎጆዋ ውስጥ እንድትቆይ ተፈቀደላት ይባላል። ኧርሉ ራሱ በ1777 በገዛ ግቢው ጉድጓድ ውስጥ የገባ ውሻውን ሊያወጣ ሲል ሰምጦ ሞተ። ይህን የጻፍኩት ለነገሩ ምንም ስለሚጨምር አይደለም፤ ዝም ብሎ ከአእምሮዬ ስለማይወጣ ነው። ዶርሴት ውስጥም ሎርድ ሚልተን በዚያው ዘመን ሚልተን አባስ የሚባለውን የገበያ ከተማ ሙሉውን ነቅሎ ነዋሪውን ሌላ ሸለቆ ውስጥ አሰፍሮታል። ዛሬ ቱሪስት ፎቶ የሚያነሣቸው የሳር ክዳን ቤቶች የተፈናቃይ ሰፈር ናቸው።

ዩኤልምን ከዚህ ያዳናት መኳንንት መኖራቸው ነው ወይስ አለመኖራቸው? እኔ ሁለተኛው ይመስለኛል። ዱኮቹ በጊዜ አለቁ። የሚያፈርስ ጌታ በማይኖርበት ዘመን መንደሯ አርፋ ተቀመጠች። በአሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን ንጉሡና ፓርላማው በተዋጉበት የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን የፓርላማ ወታደሮች የቤተ ክርስቲያን ሐውልት እየሰባበሩ ሲዞሩ የዩኤልም ቤተ ክርስቲያን እንዲተርፍ ያደረገው ኮሎኔል ፍራንሲስ ማርቲን እንደሆነ ይነገራል፤ ፓርላማው ወገን የነበረ የመንደሯ ሰው ነው፤ ዱክ አይደለም። ከዚያ በኋላ መንደሯን ያቆያት ሥራ ነው። ጅረቱን እየገደቡ ዋተርክረስ አበቀሉበት። በውሃ ውስጥ የሚያድግ፣ የፌጦ ዘመድ የሆነ፣ አፍ የሚያቃጥል የሰላጣ ቅጠል ነው። እስከ ቅርብ አሥርተ ዓመታት ድረስ እየተቆረጠ ወደ ከተማ ይላክ ነበር። ገንዳዎቹ አሁንም አሉ፤ የአካባቢው በጎ ፈቃደኞች ናቸው የሚንከባከቧቸው።

ስለ 1967ቱ። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ግማሽ መንገድ እሄዳለሁ። ያ አዋጅ ጭሰኝነትን ማስቀረቱ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ አያቴ ጭሰኛ ስለነበሩ ከዚህ በላይ ገለልተኛ ልሆን አልችልም። ግን ከጉልቱ ጋር አብረው የሄዱ ነገሮች ነበሩ። በጉልት የሚተዳደር ደብር፣ በዚያ የሚኖር የኔታ፣ በዚያ የሚማር ተማሪ ነበረ። ምን ይተካው የሚለው በደንብ አልታሰበበትም። ጸሐፊው ይህን ጠይቀው ቢሆን ኖሮ እኔም ጽሑፋቸውን ለሌላ ሰው እልከው ነበር። እሳቸው ግን የጠየቁት ባላባቱ ለምን አልቀረም ብለው ነው። የዩኤልም ምሳሌ ለዚህኛው ጥያቄ አይሆንም። ባላባቱ እዚያም አልቀረም፤ አንገቱን እየተቆረጠ ነው ያለቀው። የቀረው ደንቡና መሬቱ ነው።

አንድ ትንሽ ነገር ይቀራል። ከጽሑፉ ጋር የተለጠፈው ፎቶ። ሥሩ «የዱኩ ቤተ መንግሥት» የሚል ተጽፎበታል፤ አክስቴም በጣም የወደደችው እሱን ነው። ቀይ ጡብ፣ ጥቁር እንጨት፣ መሃሉ ድንጋይ የተነጠፈ ግቢ። እኔም ቆሜበታለሁ። የዱኩ ቤተ መንግሥት ከድሮ ጀምሮ ፈራርሷል፤ የቀረችው ቁራጭ በኋላ በተሠራ ቤት ውስጥ ገብታለች። ፎቶው ላይ ያለው የድሆቹ ቤት ነው። በር ላይ የሚታየው ሰማያዊ ባልዲም የአንድ ጡረተኛ ሰውዬ ነው፤ በነበርኩበት ቀን አበባ ያጠጣበት ነበር። ጸሐፊው ሌላው ሁሉ ቢቀር የፎቶውን ጽሑፍ ቢያስተካክሉልን።